የእህቴን ልጅ ወደ እኔ ቤት ስለመሸኘት

ለተከበሩ የቤቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ወደ መስኮቱ ለሚዞረው ወንበርዎ ጤና እመኛለሁ። እኔም ጉበቴን ሳይጨምር ደህና ነኝ።

በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በርዎ ላይ የቆመው ጥበቃ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቃል ከእናቱ ጡት የጠባው ስለሚመስል ሌላ መንገድ አጣሁ።

መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ራሳቸውን እስኪችሉ ተሰባስበው የሚኖሩበት የመሸጋገሪያ ቤት በወሩ መጨረሻ እንዲዘጋ፣ ነዋሪዎቹም «ወደ ቅርብ ዘመዳቸው እንዲሸኙ» ወስነዋል። በዚያ ቤት የሚኖረው በያጁ የእህቴ ልጅ እናት አባት ስለሌለው ለእኔ ደርሷል። ሟች ባለቤቴ የቁም ሣጥን ቁልፍ እንኳ አምና ያልሰጠችኝን ሰውዬ፣ እርስዎ ነፍስ ያለው ሰው አምነው ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. ጎረቤቶች የቤቱን ነዋሪዎች «በቡድን ይንቀሳቀሳሉ» ብለው ከሰዋቸዋል። እውነት ነው። ደሞዝ በሚቀበሉበት ቀን የእህቴ ልጅ የሚሠራበት ብየዳ ቤት በር ላይ ተጠባብቀው፣ የመጠጥ ቤቶቹን መንገድ ትተው በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞረው አብረው ይገባሉ። ከፊት የሚመራቸው የቤቱ አስተባባሪ፣ የቀድሞው የጭነት መኪና ሹፌር፣ «ፍሬን» የምንለው ነው። የእህቴ ልጅ ለብቻው እየዘፈነ ቦይ ለቦይ ሲወድቅ በነበረበት ዘመን ግን አንድም አቤቱታ አልቀረበም። ለካ ሰፈራችንን የሚያስፈራው ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ኖሯል!

2ኛ. ቤቴን እንዲመረምር የላኩት ባለሙያ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ጠርሙሶች በአድናቆት ተመልክቶ «በቂ የመጠጥ ውኃ አለ» ብሎ ጻፈ። ለክብርዎ ስል እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ውኃ እጁን የታጠበ ሰው እሳት አጠገብ ባይቆም ይመረጣል።

3ኛ. ይኸው ባለሙያ «እንግዳ ተቀባይ» ብሎኛል። አልዋሸም። ወዳጆቼ ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ እኔም «ምን ልቅዳልህ?» ከማለት በቀር ሌላ ሰላምታ አላውቅም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ባለፈው እሑድ ያየሁትን ብነግርዎ ይሻላል። ልጁን ልጠይቀው ብሄድ ድንች ሲልጥ አገኘሁት። የብየዳ ዘንግ መያዝ አቅቶት ይንቀጠቀጥ የነበረው እጁ ልጣጩን እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ያወጣዋል። «አጎቴ፣ እወድሃለሁ፤ ግን አንተ ቤት ሳምንት ካደርኩ አለቀልኝ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ፍሬንም «ጋሼ፣ ሳቁን ለነገ ያቆዩትና ቢላ ያንሱ» ብሎ ድንች አቀበለኝ። ልጬ ስጨርስ ከጡጫ የሚተልቀው ድንች የአተር ፍሬ አክሎ ቀረ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ፍሬን አተሯን ከእጄ ተቀብሎ ከሌሎቹ ድንቾች ጋር ድስቱ ውስጥ ጨመራት። ምነው በሰደበኝ!

ስለዚህ ቤቱን እንዳለ እንዲተዉልን፣ ልጁንም ከእኔ ፍቅር እንዲያድኑልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በመልካም ፈቃድዎ ዘወትር የሚንገላታው፣ ታዝዞ የማያውቅ ታዛዥዎ፣
የበያጁ አጎት

ማሳሰቢያ፦ ያን እሑድ እኔም እዚያው መሸጋገሪያ ቤት አልጋ ለምኜ ፈቅደውልኛል፤ የተከራየሁትን ቤት ለባለቤቱ አስረክቤ ሰኞ እገባለሁ። እንግዲህ ቤቱን ከዘጉት በመመሪያዎ መሠረት ሁለታችንም ወደ ቅርብ ዘመዳችን መሸኘታችን ነው። በአባቴ በኩል የተረፈ ሰው የለም። በእናቴ በኩል ብቆጥር ብቆጥር የደረስኩት እርስዎ ላይ ነው፤ አያትዎና አያቴ እኅትማማች ናቸው። ልጁ ያንኮራፋል፣ እኔ ደግሞ በእንቅልፌ አወራለሁ። ፍራሽ አያሳስብዎ፣ ይዘን እንመጣለን።