ቁጥር አንድ ዝም ያለ ዕለት

ይድረስ ከእማዬ ቀጥላ ላሳደገችኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ ያዝ የሚያደርግሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እየቆምሽ ነው የምትወጪው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ ድምፁ ጎርንኗል ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ በቀጭኑ ድምፁ ነው የማስታውሰው፤ እንዳይቀየመኝ። የወንድማችን የጋሼ ጨጓራ፣ የአክስታችን ዓይን፣ የእማዬ እንቅልፍ እንዴት ከረሙ? ስለ እኔ ካነሳሽ ከአንዲት ጥርሴ በቀር የሚያመኝ የለም። እሷም የምታመኝ ሲበርደኝ ብቻ ነው፤ እዚህ ደግሞ የማይበርድበት ቀን የለም።

ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ከተማ የእኛን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ቃላቱ እንዳይጠፉብኝ ቤቴ ስገባ ጮክ ብዬ ለራሴ አወራለሁ። ባለፈው ሰሞን ሽንኩርት እየላጥኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችው። በክርክሩ የተሸነፍኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ። እየቀለድኩ ነው እንጂ እትዬ፣ ብቸኝነቱ አንዳንድ ቀን በጣም ይከብደኛል። እሑድ እሑድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ጀምበር ትጠልቃለች።

ባለፈው ደብዳቤሽ ልጆቹ አጎታችን ምን ይሠራል ሲሉሽ ኮምፒውተር ያያል ብለሽ እንደመለስሽላቸው ጽፈሽልኛል። አልተሳሳትሽም፤ ቀኑን ሙሉ የማደርገው እሱኑ ነው። ዛሬ ግን በደንብ ላስረዳሽ። ስለ አባባ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ፤ ሥራዬን ካላወቅሽ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አይገባሽም። አሰልቺ ቢሆንብሽም ታገሺኝ።

የምሠራው የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ በሚቀመጥበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ መቀበያው፣ መደርደሪያዎቹ መካከል፣ ማሸጊያው፣ መላኪያው በር፣ አለቃዬ ቢሮ፣ በየቦታው አንዳንድ ኮምፒውተር አለ። ድሮ አሥራ ሁለት ነበሩ አሉ፤ አሁን የቀሩት ሰባት ናቸው። እርስ በርስ የሚያገናኛቸው የእርሳስ ውፍረት ያለው ጥቁር ኬብል ነው። ይህን ኔትወርክ የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። በጊዜው ሁሉንም ነገር ለራሱ ብቻ አድርጎ ነው የሠራው፤ ካርዱ የራሱ፣ ማከፋፈያ ሳጥኑ የራሱ፣ የሚነጋገሩበት መንገድም የራሱ። የሌላ ፋብሪካ ማሽን ብታመጪበት ዞር ብሎ አያየውም። እኔና እሱ በዚህ እንመሳሰላለን እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ካርድ አለ፤ ካርዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል። እነሱን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች እያደረግሽ ለማሽኑ ቁጥር ትሰጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው። ሁለት ማሽኖች አንድ ቁጥር ከያዙ መሥመሩ በሙሉ ይታመሳል። በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ አድርጌ መጋዘኑን ግማሽ ቀን አቁሜዋለሁ፤ ዕቃ የምታሽገው ሴትዮ እስከ ዛሬ ድረስ ትስቅብኛለች።

ሁሉም የሚያወሩት በአንድ ኬብል ስለሆነ ሁለቱ አብረው ከተናገሩ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ተራ ወጥቶላቸዋል። ተራ ማለት «አሁን ያንተ ነው» የምትል አንዲት ትንሽ መልእክት ናት። ቁጥር አንድ ለቁጥር ሁለት ይሰጣል፤ ሁለት ለአምስት፣ አምስት ለዘጠኝ እያለ ይሄድና የመጨረሻው መልሶ ለአንድ ይሰጣል። ተራው የደረሰው ማሽን የሚልከው ነገር ካለው መጀመሪያ ተቀባዩን ቦታ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አለኝ ሲለው ይልክለታል፤ ደረሰኝ ሲለው ተራውን ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ተናግሮ ሊደግም አይችልም፤ ተራው ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ ሥርዓት እኛ ቤት ቢኖር ጋሼን ምን ይውጠው ነበር? ታዲያ ይህ ሁሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ብዙ ጊዜ ይዞራል።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እያንዳንዱ ማሽን የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው። ተራውን ሰጥቶት ምንም ድምፅ ካልሰማ የሚቀጥለውን ቁጥር ይሞክራል፤ ያም ካልመለሰ ሌላውን፣ አንዱ እስኪመልስለት ድረስ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ያ የመለሰለት ነው። ዝም ያለው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ለሌሎቹም አይነግርም። ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ይህን ሲያስረዳኝ ደረቱን ነፍቶ ነበር። አንዱ ቢሞት ሌሎቹ አይቆሙም፣ የዚህ ነገር ትልቁ ብልሃት ይህ ነው ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜው ኖሬያለሁ።

ቁጥር አንድ ዕቃ መቀበያው ክፍል ያለው ማሽን ነው፤ ከሁሉም ያረጀ እሱ ነው። ይሠራበት የነበረው ሰው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ተራ የሚዞርባቸውን ቁጥሮች የሚያሳየውን ገጽ ስከፍት ዝርዝሩ የሚጀምረው ከሁለት ሆኖ አገኘሁት። ሄጄ ብነካው ማሽኑ ቀዝቅዟል። ሌሎቹ ማሽኖች ላይ የተመዘገበውን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሳጣራ ዝም ካለ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። በእነዚያ ቀናት ዕቃ ሲገባ ሲወጣ፣ ደረሰኝ ሲታተም ነበር፤ ሰውም ሆነ ማሽን አንድ ነገር ጎድሏል አላለም። ጠባቂው እኔ ሆኜ እኔም አላየሁም። ለአለቃዬ ስነግረው ማንም ካልፈለገው ምን ቸገረህ፣ ንቀለው አለኝ። ነቀልኩት። የኬብሉን ጫፍ ክፍት መተው አይቻልም፤ ድምፁ ጫፉ ጋ ደርሶ ይመለስና ሌሎቹን ይረብሻል። ስለዚህ ትንሽ ክዳን አደረግሁበት። ክዳኗን ሳጠብቅ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የደብዳቤዎችሽ ሰላምታ ትዝ አለኝ።

የዚያን ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ቤቴ ሄጄ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎተትኩት። ደብዳቤዎችሽን በቀናቸው ቅደም ተከተል አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው። ከሁሉም ላይ መጨረሻቸውን፣ ሰላምታውን ብቻ አነበብኩ። እትዬ፣ አንቺ ሰላምታ ስትጽፊ ቅደም ተከተል አትስቺም። መጀመሪያ አባባ ሰላም ብለውሃል ትያለሽ፤ ከዚያ እማዬ፣ ከዚያ አክስታችን፣ ከዚያ ጋሼ፣ ከዚያ ልጆቹ። ሠላሳው ደብዳቤ እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ግን የሚጀምሩት ከእማዬ ነው።

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የዘለልኩት ገጽ ይኖራል ብዬ ጀርባቸውን ሁሉ አገላበጥኩ። ሁላችንም ደህና ነን ይላል። አባባ ደህና ናቸው ብለሽ ግን አንድም ቦታ አልጻፍሽም። መዋሸት ድሮም አይሆንልሽም።

ከዚያ የስልኩ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት በደወልኩ ቁጥር አባባ የሉም። አንዴ ጓደኛቸው ዘንድ ሄደዋል፣ አንዴ ተኝተዋል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ቤት ናቸው ተባልኩ። ራሳቸው ላይ የቀረችው ፀጉር በዓመት አንዴም የምትቆረጥ አይደለችም። እኔ ሞኙ ደግሞ ይኼ ሁሉ መዞር ከየት መጣ፣ በርትተዋል ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ሹራብ ገዝቼላቸው ልካቸውን የጠየቅሁሽ ጊዜስ? ድሮ የሚለብሱት ልክ ይሆናል አልሽኝ። ሹራቡ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ብዬ ካስቀመጥኩበት መደርደሪያ ላይ አልተነሳም።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን ለምን እንዳደረጋችሁት ይገባኛል። ብቻውን ነው፣ ማን ደግፎ ይይዘዋል፣ ማን ውኃ ያቀብለዋል ብላችሁ ነው። እኔም ብሆን ጥፋት አላጣሁም፤ ሁለት ስትጽፊልኝ አንድ ነበር የምመልሰው፤ ያውም ስለ ጥርሴ። ነገር ግን የፈራሁት እውነት ከሆነ እናንተ ተቃቅፋችሁ አልቅሳችኋል፤ እኔ በዚያው ሰሞን ከአሻጊዋ ሴትዮ ጋር እየተቀላለድኩ ሳንድዊቼን ስበላ ነበር። ይህ ነው ያቃጠለኝ።

አባባ ማዕድ ላይ ሁላችንም ሳንሟላ እጃቸውን አይሰዱም ነበር። ጋሼ ኳስ ሜዳ ያመሸ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ወጡ ቀዝቅዞ፣ እማዬ ተቆጥታ፣ አንቺ ሆድሽን ይዘሽ፣ እሳቸው ግን አንድ ሰው ይቀረናል እያሉ በሩን በሩን ሲያዩ ነበር። እሳቸው ቢሆኑ ለቅሶም ቢሆን እኔን ሳይጠብቁ አይጀምሩም።

ሦስት ሳምንት ለማንም ሳልናገር ቆየሁና ትናንት ወደዚያ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ ከውሻው ጋር ብቻውን ነው የሚኖረው። በተሰባበረ ቋንቋዬ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ድሮው እንደ አስተማሪ ሆኖ፣ ተራ ሳይደርሰው የቆየ ማሽን ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀኝ። የተማርኩትን መለስኩለት። ረዥም ድምፅ ያሰማል፤ የሁሉም ንግግር ይቋረጣል፤ ሁሉም ዝም ይሉና እንደ አዲስ ይፈላለጋሉ። ፍለጋውን የሚጀምረውም ትልቁን ቁጥር የያዘው፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ነው አልኩት።

እሱም «ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ? ሂድና ለእህትህ ጻፍ» አለኝ።

የቤታችን የመጨረሻ ልጅ እኔ ስለሆንኩ ይኸው ጻፍኩ። ሽማግሌውን ሌላም ነገር ለምኜዋለሁ። መልስሽ ሲደርሰኝ ብቻዬን አልከፍተውም። እንደታሸገ ይዤው እሱ ቤት እሄዳለሁ፤ የተጻፈውን ማንበብ ባይችልም አጠገቤ ይቀመጣል። እሺ ብሎኛል፤ ውኃም ብርጭቆም ቤቱ አለ። ስለዚህ ማን ይይዘዋል ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ የሚይዘኝ ሰው አግኝቻለሁ። ጋሼን ሳታማክሪ፣ እማዬን ሳታስጨንቂ፣ እውነቱን አንቺው ጻፊልኝ። ስልክ አትደውዪ። በስልክ ድምፅሽን ከሰማሁ እኔ ራሴ አባባ ወጥተው ነው አይደል እልሽና እንድትዋሺ መንገድ እከፍትልሻለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሳትነግሪኝ እንዳታነቢላት። አክስታችንን ዓይኗን ለሐኪም ሳታሳይ ክረምቱ እንዳይገባ በያት። ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ እየተናደድኩበትም ይናፍቀኛል። ለትልቁ፣ አጎትህ በጎርናና ድምፅህ እንድታናግረው ይፈልጋል በይው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

አባባ ካሉ፣ እኔ ተሳስቼ ከሆነ፣ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው፤ እስኪበቃቸው ይሳቁብኝ። ከሌሉ ግን ቀኑን ጻፊልኝ። የምሠራውን ሥራ በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደልኩም። የዚያን ዕለት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ገልጬ ማየት እፈልጋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከመጋዘኑ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ቀን 1994 ዓ.ም.