ሰባተኛውን ቅጽ ለቆለፉልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጋዘንዎ ቁልፍ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ መኪና መንዳት የማስተምረው ሴት ነኝ። በዝናቡ ወራት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ተቀመጪ የሚለኝ ስላልነበረ ቆሜ አነጋገርኩዎት፤ በዚህም ቁመቴን አጥርተው ለማየት ዕድል አግኝተዋል። ያን ዕለት ያልኩት ሳይገባዎት የቀረው በእኔ የአነጋገር ጉድለት መሆኑን አምኜ፣ ዛሬ ሌላውም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቤታችን ፍርሃት እንዳይገባበት ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የትኛውን ቤት እንደጠበቁልኝ እንዲያውቁት ከመነሻው ልጀምር።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ወሰደውና ከእኔና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር መኖር ጀመሩ። ልጄን «ቁንጫ» ብለው ይጠሯት ነበር፤ ተቀምጣ ማረፍ ስለማታውቅ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሌላ ሰው መሪ ጎን ተቀምጬ «ቀስ፣ ቀስ በል» ስል ስለምውል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። አባቴ ሬዲዮ ቢከፈትላቸው ያስዘጋሉ፤ ጎረቤት መጥቶ ቢያጫውታቸው እንቅልፋቸው ይመጣል። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ የማያዩትን መንገድ እያዩ፣ ዝም ይላሉ። እኔን ያስፈራኝ የነበረው ይህ ዝምታ ነው፤ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚነሣ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ቁንጫ አንድ ቀን ከእርስዎ ቤተ መጻሕፍት «የጥላ ለቃሚው» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ተውሳ መጣች። ከሽፋኑ አልፈው እንዳልሄዱ ራስዎ ስለነገሩኝ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርዎት። የጥላ ለቃሚው የመንገድ መብራቶች ሲበሩ ከጉድጓዱ ወጥቶ የሰዎችን ጥላ እየለቀመ በጆንያ ይከታል። ጥላው የተለቀመበት ሰው አይሞትም፤ ነገር ግን የገዛ ቤተሰቡ አያውቀውም። በሩን ሲያንኳኳ እናቱ «ማንን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። አንዲት ልጅ የወንድሟን ጥላ ለማስመለስ ከከተማው ሥር ወዳለው ዋሻ ትወርዳለች፤ ሰባቱ ቅጾች የእሷ ጉዞ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ሽፋኑን ሳይ ቁንጫን «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጣጣ ነው? ሌት እየቃዠሽ ልትቀሰቅሺኝ ነው?» አልኳት። ልዩነታችን እኔ ማንበቤ ብቻ ነው።

ቁንጫ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ሹክሹክታዋን ሰምተው «ጮክ በይ እንጂ፤ እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሏት። ጮክ አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። አባቴ የታሪኩን ልጅ እንደ አዲስ ምልምል ያዝዟት ጀመር። ጭስ ወደሚወጣበት ክፍል ልትገባ ስትል ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አትክፈች! መጀመሪያ በእጅሽ ጀርባ በሩን ዳስሺው!» እያሉ ይጮኻሉ። ቁንጫም «አባባ፣ አትሰማህም እኮ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እንግዲያው አንቺ ንገሪያት!» ይላሉ። እኔ ማታ ልብስ እየተኮስኩ ጆሮዬን አቀና ነበር። ከዚያ መተኮሱን ተውኩ። ከዚያም ሥራ ላይ ሆኜ፣ ተማሪዬ ማርሽ ሲፈልግ፣ እኔ «ልጅቷ ከዋሻው ወጥታ ይሆን?» ማለት ጀመርኩ። እንግዲህ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ይፍረዱብኝ።

ሁለተኛ፤ ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ «በጤናማ አእምሮ ላይ ፍርሃትን ይተክላል» በማለት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ስለ አተካከሉ የማውቀውን ደግሞ እኔ ላክልልዎት። አራተኛው ቅጽ ላይ ልጅቷ በጭስ በተሞላ ደረጃ ሥር ተደብቃ ሳለ፣ የጥላ ለቃሚው ጆንያውን እየጎተተ ከበላይዋ ያልፋል። ቁንጫ ይህን ስታነብ አባቴ አላቋረጧትም። እጃቸውን አንሥተው «እዚያ ላይ አቁሚ» አሏት። ከዚያም እኔ ልጃቸው ሆኜ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ለልጅ ልጃቸው ነገሯት። በወጣትነታቸው አንድ የጥጥ መጋዘን ሲቃጠል ገብተው፣ ጣሪያው ወርዶ፣ መውጫው ጠፍቷቸው፣ እንዲህ ደረጃ ሥር ተኝተው ነበር። ጓዶቻቸው ጎትተው አወጧቸው። በማግስቱ ወደ ሥራ ገቡ፤ ማንም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩ።

«ፈርተህ ነበር አባባ?» አለቻቸው።

«አሁንም እፈራለሁ እንጂ! መብራት አጥፍቼ የተኛሁ ይመስልሻል?» አሏት።

ክቡርነትዎ፣ እኔ በልጅነቴ የቤታችን መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ለእኔ ተብሎ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቱ ከእኛ ጋር አርባ ዓመት ኖሯል፤ አብሮን በልቷል፣ አብሮን ተኝቷል። መጽሐፉ ያደረገው ነገር ቢኖር ስም አውጥቶለት ከጓዳ ወደ ሳሎን ማምጣቱ ነው። ልጄም ያን ቀን ከአያቷ ጉያ ገብታ፣ በትምህርት ቤቷ ጓሮ የሚያስፈራሯትን ልጆች ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣችው። እኔ ስጠይቃት «ምንም የለም» ስትል የከረመች ልጅ! ትልቁ ሰው እፈራለሁ ሲል ትንሹ ሰው አፉ ይፈታል፤ ይህን የትኛው ጠቃሚ መጽሐፍዎ እንዳደረገው ቢጠቁሙኝ እዋሳለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍትሐዊው የአሠራር ስልትዎ አመሰግናለሁ። ስድስተኛው ቅጽ የሚያልቀው ጥላዋን ራሷ ያጣችው ልጅ የእናቷን በር ስታንኳኳና እናቷ «ማን ልበል?» ስትላት ነው። ቁንጫ መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች። አባቴ «አይዞሽ፣ ነገ ሰባተኛው ይመጣል» አሏት። በማግስቱ ሰባተኛው አልመጣም። አንድ ወላጅ ሽፋኑን አይቶ አቤት ብሎ፣ እርስዎም መጽሐፉ ከመደርደሪያ እንዲነሣ አዝዘው ነበርና። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ቅጾች በየሰው ቤት በውሰት ላይ ስለነበሩ፣ መደርደሪያው ላይ ተገኝቶ የተነሣው ሰባተኛው ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የከተማውን ልጆች ከእነ ጭራቃቸው ዋሻ ውስጥ አስቀርተው፣ መውጫውን ቆለፉባቸው። ጭራቅን ለቅቆ የሚሸነፍበትን ገጽ የሚያስር ጥበቃ ከዚህ በፊት አይቼም ሰምቼም አላውቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እርስዎ ግን እባቡንም አላዩ።

ቢሮዎ የመጣሁት ያኔ ነው። የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አንብበውታል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ማየቱ ይበቃል» አሉ። «እንግዲያው በአባቴ ስም ይስጡኝ፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ታመዋልም» አልኩ። ፈገግ ብለው «እመቤት፣ ለልጆች የሚያስፈራ ነው፤ ለአዋቂ ደግሞ የልጅ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ሰው በዚህ ምን ያደርጋሉ?» አሉኝ። ለልጅ ከባድ፣ ለአዋቂ ቀላል የሆነ መጽሐፍ ለማን እንደሚሆን ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለመጋዘን እንደሆነ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል ብለው አሰናበቱኝ።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ የማመሰግንዎት ባላሰቡት ነገር ስለሆነ ቢደነግጡም አልፈርድም። የአባቴ ኩላሊት ደከመና ሆስፒታል ገቡ። በጠየቅናቸው ቁጥር ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን «ተገኘ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ «ኮሚቴው…» ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁንጫ ከእኔ ቀድማ «ተገኘ አባባ!» አለች። ደንግጬ ሳያት ከእኔ ቦርሳ የትራፊክ ደንብ መጽሐፌን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። አባቴ እጃቸውን ሰድደው ዳሰሱት።

«ይሄኛው ቀጭን ነው» አሏት።

«መጨረሻው ስለሆነ ነው» አለቻቸው፤ ፊቷ በላብ ወርዝቶ።

አባቴ እጃቸውን ከመጽሐፉ ላይ አንሥተው «እሺ፤ በይ አንብቢ» አሏት።

አነበበች። በቀይ መብራትና በእግረኛ መሻገሪያ ሥዕሎች ላይ ዓይኗን ተክላ፣ በየተወሰነ ጊዜ ገጽ እየገለጠች፣ ሰባተኛውን ቅጽ ከራሷ አፈለቀችው። በተከታታይ የጠያቂ ሰዓቶች፣ በየቀኑ ከሚያጓጓው ቦታ ላይ እያቆመች። ሙቀት ልትለካ የመጣች ነርስ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ትቀራለች፤ አንድ ጊዜማ «ከዚያስ? ኧረ ጨርሺው፣ ተረኛ አይደለሁም ነገ!» ብላ ለምናታለች። በቁንጫ ሰባተኛ ቅጽ ውስጥ ልጅቷ ጥላዎቹ እንደ ልብስ ተሰጥተው ከሚንጠለጠሉበት አዳራሽ ትገባለች፤ ከሺህ ጥላ መካከል ግን የራሷን መለየት ያቅታታል። ያን ጊዜ ያዳነችው ወንድሟ ይመጣና «ይቺ ናት የእህቴ፤ ተንጠልጥላ እንኳ አታርፍም!» ይላል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ መልሶ ሳቅ ሆነ። «ትክክል፤ እንዲህ ነው መጨረስ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ግን፣ ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ «የማን መጽሐፍ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አንቺም እንዳትነግሪኝ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አረፉ። ታሪኩን ጨርሰው ነው የሄዱት፤ በእርስዎ ደግነት ሳይሆን፣ እርስዎ ቆልፈውትም እያለ።

አምስተኛ፤ የኮሚቴዎ ውሳኔ ከቀብር በኋላ፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይሄድ ደርሶናል። አመልካቹ በአካል ቀርበው ካመለከቱ ጥያቄው «በበጎ መንፈስ ሊታይ እንደሚችል» ይገልጻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አመልካቹ በአካል መቅረብ ባለመቻላቸው ኮሚቴውን ይቅርታ እጠይቅላቸዋለሁ።

የቀረውን ደግሞ ለእውቀትዎ ያህል ልጨምር። የአክስቴ ልጅ ከሌላ ከተማ ሰባተኛውን ቅጽ ገዝታ ላከችልን። ቁንጫ ለብዙ ጊዜ አልነካችውም። በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ጀምራ እስከ ምሳ ጨረሰችው፤ ከዚያ እኔ ተቀብያት ሳነብ ዋልኩ። ከሰባቱ ሁሉ የማያስፈራው እሱ ነው። ማንም አይሞትበትም። እናትየው በሩን የምትከፍተው ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ልጇን ሳታውቃት፣ «ማንም ሁኚ፣ በርዶሻል፤ ግቢ» ትላታለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የውሃ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እርስዎ የቆለፉት ይህን ነው። ቁንጫን «እንዴት ነው?» ብላት፣ «ደህና ነው፤ ግን አባባ የእኔን ነው የወደደው» ብላ ጫማዋን አድርጋ ልትጫወት ወጣች። አሁን ያ የትምህርት ቤት ጓሮ አያስፈራትም አልልም። ትፈራለች፤ ግን ትሄዳለች፤ ስትመለስም ትነግረኛለች።

እንግዲህ ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ያላነበቡትን ለመፍራት ያለዎትን ብርታት እያደነቅኩ፣ መደርደሪያዎችዎ ንጹሕ፣ ባዶና ጸጥ ያሉ ሆነው ዘመንዎን በሰላም እንዲፈጽሙ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ተሰናብቻለሁ፤

የአንዲት ፈሪ ልጅ እናት፣ የአንድ ፈሪ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልጅ።

ማሳሰቢያ፤ በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ አንድ በር ጠባቂ አለ። ጭራቅ አይደለም፤ ማንንም አይነካም፤ «ለደኅንነታችሁ ነው» እያለ በሚሸሹ ልጆች ፊት በር መዝጋት ብቻ ነው ሥራው። ስም አልነበረውም፤ ከቢሮዎ የተመለስኩ ዕለት አባቴ «ሥራ አስኪያጁ» አሉት፤ አሁን የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠሩት። ስለ መጨረሻው እንዳይሳቀቁ ልንገርዎት፤ አንዳች ክፉ ነገር አይደርስበትም። የጥላ ለቃሚው አንድ ምሽት ያገኘውና ጎንበስ ብሎ በጠባቂው እግር ሥር ይፈልጋል፤ የሚለቀም ነገር ያጣና ጆንያውን ተሸክሞ ያልፈዋል።