ሠራተኛ «ለ» ለተባልከው አባቴ

ውድ አባዬ፣

አፈሩን ገለባ ያድርግልህና፣ ዛሬ ክፍል ሙሉ ሰው ሳቀብህ።

የምሠራበት ባንክ ለእኛ ለኮምፕሊያንስ፣ ማለትም ለሕግ ማክበር ቁጥጥር ሠራተኞች ከፍተኛ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር፤ የወንጀል ገንዘብ ታጥቦ ንጹሕ መስሎ እንዳያልፍ እንዴት እንደምንይዘው። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጫጫነን አሠልጣኙ «የሚያነቃችሁ ታሪክ ላምጣ» አለና አንድ እውነተኛ ጉዳይ ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ስም የለውም። ደንበኛው «ሀ» ነው፣ የሴራሚክ ነጋዴ። የባንኩ ተቆጣጣሪ ሠራተኛ «ለ»። ሲስተሙ የነጋዴው ዝውውር አጠራጣሪ ነው እያለ ማስጠንቀቂያ ሲደረድር፣ ሠራተኛ «ለ» አንዱንም ሳይከፍት ሁሉንም «ተጣርቷል» ብሎ ዘግቶ ከቢሮ ወጣ። ገንዘቡም በዚያው ሾልኮ ሄደ።

«ጉቦ በልቶ ነው» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው።

«ኧረ እንቅልፍ ጥሎት ነው!» አለች ሌላዋ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቀን እስካይ ድረስ።

አባዬ፣ ያንን ቀን እማዬ በየዓመቱ «ልጄ የተረፈችበት» ትለዋለች። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን የሆንኩበት ቀን ነው። ፖሊሶች ቤት መጥተው ስለ ሴራሚክ ነጋዴ ሲጠይቁህም ከበር ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከባንክ ለምን እንደወጣህ ስንጠይቅህ ግን «ወንበሩ ወገቤን ፈጀው» ትለን ነበር። ወገብህ አሞህ ነው እንግዲህ እስክትሞት ድረስ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ቆመህ የዋልከው! እማዬ ስትነጫነጭብህ፣ ዘመድ አዝማዱ ሰነፍ ሲልህ፣ ትንፍሽ አላልክም። ምናለ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ? በጣም ነው የተናደድኩብህ።

የቡድናችንን መልስ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ጥያቄው «ሠራተኛ ‹ለ› ለምን አጠፋ?» ይላል። ጓደኞቼ «በግዴለሽነት» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከታወቀ እዚህ ሥራ ላይ ማን ያምነኛል? ያንን ወረቀት አንብቤ ብቀመጥ ደግሞ ማንም ምንም አይለኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ማይኩን ያዝኩ።

«ማጥፋቱን አጥፍቷል» አልኩ። «ሳይከፍት መዝጋት አልነበረበትም። ግን ግዴለሽ አልነበረም። ልጁን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተውበት፣ ቶሎ ጨርሶ ወደ እሷ ሊሮጥ ብሎ ነው።»

አሠልጣኙ ወረቀቱን አገላበጠ። «ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ እኮ እዚህ ላይ የለም። ከየት አመጣሽው?»

«ልጅቷ እኔ ነኝ» አልኩት።

ነገ አለቃዬ ቢሮ እንድመጣ ተነግሮኛል። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ እንደፈለገች። አንተ ግን ይህን እወቅልኝ፦ ያን ቀን ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ ነበርክ። የባንኩ ባጅ ካንገትህ አልወረደም፣ ሸሚዝህ በላብ ርሶ ነበር። ደርሰህልኛል፣ አባዬ። ይህን ሳልነግርህ ነው የሄድክብኝ።

እየተናደደች የምትናፍቅህ
ልጅህ