በወረቀት ላይ ብቻ ለሚሄደው ሰባት ቁጥር አውቶቡስ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን አውቶቡስ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ትከሻዬን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ አውቶቡሶቹን ካስቆመ ሦስት ወር ሆነ፤ የእርስዎን መኪና ግን አንድም ቀን ጭቃ ነክቶት ስላላየሁ ስለ ጤናዎ አልሰጋሁም።

ጋሪ ገፊ ነኝ። በማታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሬ ከጨረስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ የሚጠራጠር መምህሬን ይጠይቅ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም።

፩ኛ. ባለፈው ሰኞ ፌርማታችን ላይ «በጎርፍ የተጎዳው ሰባት ቁጥር መስመር ተጠግኖ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። በሕይወቴ ለሕዝብ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማኅተሙን እንኳ ሳላስቀር፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተሰለፈ።

፪ኛ. ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መድረስ አለባት። ከጎርፉ ወዲህ የማደርሳት በጋሪዬ ነበር። ያን ቀን ግን የተማረ ሰው ሚስቱን በጋሪ አይጭንም ብዬ፣ ማኅተምዎን አምኜ፣ ጋሪዬን ቤት ትቼ ፌርማታ ላይ አቆምኳት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስንጠብቅ ያለፈው የእርስዎ መኪና ብቻ ነው። ተራዋ አመለጣት፤ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «አንተ ሰውዬ፣ ያነበብከው የተጻፈውን ነው ወይስ ያማረህን?» ስትለኝ ማስታወቂያውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩላት። ማንበብ መቻሌን ያስጠረጠረኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት።

፫ኛ. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ፣ ጸሐፊዎ መስመሩ የጀመረው ለበላይ አካል በቀረበው ሪፖርት ላይ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ሪፖርት ላይ እንዴት እንደሚሳፈሩ በማታ ትምህርት አላስተማሩንም።

ባለቤቴ በማግስቱ በጋሪ ደርሳ ተርፋለች። ሐኪሟ ዳግም ተራዋ ቢያልፋት ሊያድኗት እንደማይችሉ ነግረውኛል። ስለዚህ ወይ አውቶቡሱን ይላኩ፣ ወይ ወረቀትዎን ያንሱ።

ጎርፍ ላልደረሰበት ወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ከማታ ተማሪዎች አንደኛ የወጣው ጋሪ ገፊ፣ በገዛ እጁ

ማስታወሻ፦ ጋሪዬ ላይ በቀይ ቀለም «ሰባት ቁጥር» ብዬ ጽፌያለሁ። ከነገ ጀምሮ በሕክምና ቀኗ ሁሉ ባለቤቴን ጭኖ ልክ በአንድ ሰዓት ከፌርማታው ይነሳል፤ ሪፖርትዎን ከውሸትነት ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። ሾፌርዎ ከኋላዬ የፈለገውን ያህል ክላክስ ቢያደርግ ግን መንገድ አልለቅም፤ መደበኛ አገልግሎት ላይ ነኝ።