አንዴ ስጫን ሁለቴ

ኅዳር 2
ዛሬም እስከ ስምንት ሰዓት ሰልፍ ነበር። የመታወቂያ ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ የኢንተርኔት ፎርም። ሱቁ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስለሆነ የማይገባ ሰው የለም። ባለሱቁ ጋሽ ገነነ ፎቶ ኮፒው ላይ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ። ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ይኸው ዓመት ከአራት ወር እዚህ ወንበር ላይ።

ማውሱ ደግሞ አመል አወጣ። አንዴ እጫናለሁ፣ ሁለቴ ይቆጥራል። ፋይል ልመርጥ ስል ይከፈታል። ጋሽ ገነነ ከወዲያ አይተው "እጅሽን አረጋጊ" አሉኝ።

እጄ ይሆን እንዴ? ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ጣቴ ይንቀጠቀጣል... ድሮም።

ጋሽ ገነነ አንድ ሕግ አላቸው። ፎርም ከመላኩ በፊት ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማንበብ የማይችል ብዙ ይመጣላ። "ሰልፈኛው ቢሰማም ይስማ" ይላሉ። እኔ ግን በልቤ ነው የማነበው። ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ያነበብኩ ይመስላቸዋል።

ኅዳር 5
ገመዱን ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰካሁት። አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሆነ፣ ከዚያ ያው። ሆዱን ገልብጬ በሶፍት ጠረግሁት። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩለት። ምንም። መሽከርከሪያውም ብሶበታል፣ ወደ ታች ሳዞረው ወደ ላይ ይዘላል።

ለእማዬ ነገርኳት። "ጓለይ፣ ለሰውየው አትነግሪያቸውም? አፍ የለሽም?" አለች።

አፍስ አለኝ።

ኅዳር 7
ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሄድኩ። አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 9
ኢክላስ መጣች። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤታችን፣ የእትዬ ሲሀም ልጅ። እናቷ ድልድዩ አጠገብ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። እሷ ነርስ ልትሆን ነው። በነፃ የሚያስተምር ኮሌጅ አግኝታለች። የመግቢያ ፈተናው ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን።

"ፍዮሪዬ፣ ካለፍኩ መጀመሪያ መርፌ የምወጋው አንቺን ነው!"

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ሞላን። የፈተና ቦታ የሚለው ላይ አዲስ አበባ መረጥኩ። በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ገጹን ላወርድ መሽከርከሪያውን አዞርኩ። "ቀጥል" የሚለውን አንዴ ተጫንኩ። ሁለቴ ቆጠረ። "ቀጥል" የነበረበት ቦታ ላይ "ላክ" መጥቶ ነበር፣ ሁለተኛዋ እሱ ላይ አረፈች። ማረሚያው ገጽ ብልጭ ብሎ ጠፋ። በልቤ እንኳ አላነበብኩትም።

ማረጋገጫው ከፕሪንተሩ ወጣ። የፈተና ቦታ፦ አሶሳ። መሽከርከሪያውን ሳዞር ምርጫው ከአዲስ አበባ ወደ ላይ ዘሎ ኖሯል።

አሶሳ... በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ። ከታች በትንንሽ ፊደል ስልክ ቁጥር አለ። ስህተት ካለ በሦስት ቀን ውስጥ ደውለው ያሳርሙ፣ ይላል።

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ።"

ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ ሰጠኋት። ሳትዘረጋው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ሺ ዓመት ኑሪ!" ብላ ሄደች።

ለምን አጠፍኩት? ዘጠኝ ሰው ቆሞ ነበር። ጋሽ ገነነ ያዩኝ ነበር...

ኅዳር 10
እትዬ ሲሀም ሳልፍ ጠሩኝ። ሳምቡሳ ሰጡኝ። "አላህ ያክብርሽ፣ ልጄን አስመዘገብሽልኝ።"

ሳምቡሳውን ሳልቀምስ በሶፍት ጠቀለልኩት። ነገ ለኢክላስ እነግራታለሁ።

ኅዳር 11
ነገ።

ኅዳር 12
ሦስተኛው ቀን። ከምሳ በኋላ ሰው ጠፋ። ማውሱን መቶ ጊዜ ተጫንኩት፣ በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ መስመር እያሰመርኩ። አሥራ ሰባቱን ሁለቴ ቆጠረ። ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፣ ማን ነበርና። እጄ አይደለም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። አንዲት ሴት "ሃሎ? ሃሎ፣ ማን ልበል?" ስትል ዘጋሁት። የምለውን አጥንቼ ነበር እኮ። ጠፋብኝ። እንደገና ስደውል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጠራ፣ ጠራ... የሚያነሳ የለም።

ኅዳር 14
ለጋሽ ገነነ ነገርኳቸው። የማውሱን ብቻ። ራሳቸው ያዙትና ሞከሩት። በሳቸውም እጅ ሁለቴ ቆጠረ። "እኔማ እጅሽ መስሎኝ!" ብለው ሳቁ።

ከጎናችን ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግነውን ፋሩቅን ጠሩት። "ይቺ ማውስ ጠጥታ ነው እንዴ ሥራ የምትገባው!" እያለ ብሎኗን ፈታ። መሽከርከሪያው ላይ ፀጉርና አቧራ ተጠምጥሟል። ከግራው ቁልፍ ሥር ያለችውን ትንሽ ማብሪያ አሳየኝ። ውስጧ ያለው ስስ ብረት ደክሟል፣ አንዴ ሲነካ ይንዘፈዘፋል። "የቀኟ ብዙ አልሠራችም" አለና የቀኟን ነቅሎ ወደ ግራ በካውያ በየዳት።

"እንዲህ ከሆነች ስንት ቀኗ ነው?" አለኝ።

"ዛሬ ነው" አልኩ።

ኅዳር 20
ኢክላስ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። መልእክት ደርሷታል። "ፍዮሪ፣ እስቲ እይልኝ። ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ አሶሳ ይላል። ተሳስተው ነው አይደል?"

ሰልፍ ነበር። ጋሽ ገነነ ወረቀቱን አምጪ አሏት። ከቦርሳዋ አወጣችው። እኔ እንዳጠፍኩት ነው። ዘረጉት፣ አዩት፣ ወደኔ ዞሩ።

"አንብበሽላት ነበር?"

እጄን ማውሱ ላይ አሳረፍኩ።

"ፍዮሪ!"

"አላነበብኩም... ማውሱ ነው፣ ሁለቴ ቆጥሮ..."

"መቼ አወቅሽ?" አለች ኢክላስ።

"ያኔውኑ።"

ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ "ኧረ ልጅት..." ብለው ተዉት። ኢክላስ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። "ብትነግሪኝ እኮ እዚሁ ቆሜ እደውል ነበር" አለች፣ በቀስታ።

ጋሽ ገነነ ኮሌጁ ጋ ደወሉ። ለመኑ። አይቻልም አሏቸው። አሁን ብትነሳ እንኳ አትደርስም።

ከወንበሩ ተነሺ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ነገ በጊዜ ነይ" አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። ማሩኝ ማለት ነው? ወይስ እዛው ተቀምጬ የሠራሁትን እንዳየው ነው?

ኅዳር 22
ፈተናው ዛሬ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አየሁ። ኢክላስ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የበሰበሰ ሽንኩርት ትለቅም ነበር። እትዬ ሲሀም አላዩኝም። ወይም አይተውኛል።

ማውሱን እንደገና መቶ ጊዜ ሞከርኩት። አንዴም አልሳተ። ሁለቴ የቆጠረው እሱ ነው፣ እሺ። ወረቀቱን ያጠፍኩት ግን እኔ ነኝ። እሱን ፋሩቅ አይፈታውም።

ታኅሣሥ 6
ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ድምፄ ይቆራረጣል። አንድ ሰውዬ "ፎርም ነው ወይስ መርዶ?" አሉ፣ ሁሉም ሳቀ። ቀጠልኩ።

ጥር 18
ኢክላስ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ብላኝ አታውቅም፣ ዛሬም አላለችም። ሰልፍ ይዛ ጠበቀች። ኮሌጁ እንደገና የሚመዘግበው በዓመቱ ነው። እሷ ግን ዓመት አትጠብቅም። የያዘችው የኤጀንሲ ወረቀት ነበር።

"ነይ ልጄ፣ እኔ ልሙላልሽ" አሏት ጋሽ ገነነ።

"እሷ ትሙላው።"

ሞላሁ። ስጨርስ "አንብቢልኝ" አለች።

አነበብኩ። ስም። ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ። የትምህርት ደረጃ፣ አሥራ ሁለተኛ ያጠናቀቀች። የሥራ ዓይነት፣ የቤት ሠራተኛ። የምትሄድበት አገር፣ ዮርዳኖስ። የውል ዘመን፣ ሁለት ዓመት። ድምፄ አልተቆራረጠም። ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ። የሳቀ የለም።

"ትክክል ነው?" አልኳት።

"ትክክል ነው።"

"ልላከው?"

ስክሪኑን ትንሽ አየችው።

"ላኪው።"

አንዴ ተጫንኩ። አንዴ ብቻ ቆጠረ።