ከንፈሬን ለቆ ጆሮዬ የገባው ምች

ለልጄ ለዓፊያ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ቶይባ ወደ ሪያድ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። የጨፋው ሜዳ ማሽላ አሽቷል፤ አባትሽ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል።

እኔን ግራ ጆሮዬ ይጮህብኝ፣ ስነሳም ቤቱ ይዞርብኝ ጀመር። አብሽሪ፣ አልወደቅሁም። ከሚሴ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ «ከንፈርዎን ምች መትቶዎት ያውቃል?» አለኝ።

«ልጅ ሳለሁ። እናቴ ዳማከሴ አሽታ ቀብታ አዳነችኝ» አልኩት።

ሳቀ። «የዳነው ቁስሉ ነው። ምቹን ያመጣው ቫይረስ ግን ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። እርግጠኛ ባልሆንም፣ አሁን የጆሮዎን ነርቭ የነካው እሱ ይመስለኛል።»

ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ሙሉ ምን እየበላ ተኛ? እዚያ ከተቀመጠ አንቺን ስወልድ የጮህኩትንም ሰምቷል ማለት ነው? ሐኪሙን በጥያቄ አደከምኩት። «ታዲያ ዛሬ ምን ቀሰቀሰው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ድካም ወይም ሐሳብ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሐሳብ አለብዎት?» አለኝ።

የለብኝም ብዬ ዋሸሁት፤ አላህ ይማረኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ ሦስት ወር ሆነኝ።

ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። ስትደውይ ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ ነው የምይዘው፤ እሱ ደህና አድርጎ ይሰማል።

እናትሽ