አባባ «ይደገም» ያሉበት ቅዳሜ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ብርዱ በመጣ ቁጥር አሁንም ይጎበኝሃል? ባለቤትህና ልጆችህ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። አባባም ጉልበታቸውን ከማማረር በቀር ጤናቸው ደኅና ነው። የቀረውን በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ፤ እባክህ መጨረሻውን አስቀድመህ አታንብብ።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ግጥም እንደምናነብ ጽፌልህ ነበር። መግቢያው ነፃ ነው፤ የመጣ ሁሉ ይሰማል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የገጣሚው ስም የሚነገረው ግጥሙ ተነቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰው ስንኙን እንጂ ባለቤቱን እንዳይመዝን። የወደደ ሰው «ይደገም» ይላል። አባባ ጆሯቸው ስለደከመ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ግን «ይደገም» ብለው አያውቁም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ አባባ የዛሬውስ እንዴት ነው ስትላቸው፣ ሳይለካ የተቆረጠ ነው ይሏታል።

አንተ ግጥምህን ስትልክልኝ ስሜ እንዳይጠራ ብለኸኛል። ልክ ነህ። አባባ በሩን አጣመምክ ብለው በደንበኛ ፊት በጥፊ ከመቱህና አንተም የአናጢ ቤታቸውን ጥለህ ከወጣህ ወዲህ ስምህ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የገዛ ደንቤን ማፍረስ ከበደኝ። ሳልወስን ቅዳሜ ደረሰ፤ ሳልወስን ተነሥቼ አነበብኩ።

ለጠማማው እንጨት የማይቸኩል እጁ፣
ምነው ችኩል ሆነ ሲደርስ ወደ ልጁ?

እዚህ ላይ ስደርስ የአባባ ከዘራ ወለሉን መምታቱን አቆመ። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ስጨርስ ከፊት ወንበር፣ ይደገም የሚል ድምፅ መጣ። እሳቸው ናቸው። ደገምኩት። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ ልብስ ሰፊዋ፣ መምህር፣ ስሙን ዋጡት እንዴ ብላ ሰዉን አሳቀች። አባባ አልሳቁም። ደንብ ደንብ ነው፣ ይባል አሉ።

አንተ ይቅር በለኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ነው አልኳቸው።

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። እስከ ቤት ከኋላቸው ተከተልኳቸው፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሑድም ሰኞም እንዲሁ። ምግብ ሳቀርብላቸው ይበላሉ፣ ስጠይቃቸው ግድግዳውን ያያሉ። ባለቤቴ እንኳ፣ በገዛ እጅህ ቤቱን አቃጠልከው አለችኝ። እኔም እንደዚያው አምኜ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የአናጢ ቤቱ ተከፍቶ አገኘሁት። አባባ ያንተን መላጊያ ከመደርደሪያው አውርደው ዝገቱን ይፍቃሉ። ቀና ብለው ሳያዩኝ እንዲህ አሉኝ፤ ግጥሙ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። ችግሩ አንተ ነህ፤ መጨረሻው ላይ ድምፅህ ይወድቃል። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ያንብበው።

እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ባለቤትህን በአክብሮት ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ጽሕፈቷ ማማሩን አይቻለሁ በላት። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች፤ መኝታህንም አንጥፋለች። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ የመላጊያውን ስለት እየሳሉ ነው።

ታላቅ ወንድምህ
ከአባባ ቤት፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲፩ ቀን